በበረዶ ላይ የተወዳደረው ኢትዮጵያዊ

የአዳማን ነፋስ ታውቁታላችሁ። አቧራውን ሲያስነሣ ዓይን አያስገልጥም። እስቲ በአቧራው ፋንታ በረዶ ነው እንበል።

እኛ በረዶ የምንለው ከዝናብ ጋር ወርዶ ጤፉን የሚመታውን ጠጠር ነው። የብርድ አገር በረዶ ግን እንደ ተባዘተ ጥጥ ነው። ተራራውን ሸፍኖ ወራት ይቆያል። ሲረግጡት እግር ይሰምጣል። ስለዚህ ሰዎች ረዥምና ቀጭን ጣውላ ከጫማቸው ሥር ያስራሉ። በሁለት ዘንግ እየተገፉ ይንሸራተታሉ። ይህ ስኪ ይባላል። ነፋስ የተነሣ ቀን መከራ ነው። መንገዱ ይጠፋል፤ ጣት ይደነዝዛል።

ሮቤል ተክለማርያም አዲስ አበባ ተወለደ። በልጅነቱ ወደ አሜሪካ ሄደ። በ1998 ዓ.ም. የካቲት ወር ጣሊያን አገር፥ ቱሪን በተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ ለኢትዮጵያ በስኪ ተወዳደረ። (ክረምት የሚሉት የዝናቡን ጊዜ አይደለም፤ የብርዱን ወራት ነው።) ከእሱ በፊት በዚያ ኦሊምፒክ የተሰለፈ ኢትዮጵያዊ አልነበረም።

ርቀቱ 15 ኪሎ ሜትር ነው። በእግር የሦስት ሰዓት መንገድ ማለት ነው። ሮቤል 83ኛ ወጣ። ታዲያ ምኑ ይወራል ትሉ ይሆናል። የቀደሙት እኮ ብዙዎቹ በረዶ ደጃቸው ነው! የእኛ ሰው አገሩ ሲመጣ ጎማ የተገጠመለት ጣውላ አስሮ አስፋልት ላይ ይለማመድ ነበር። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ካናዳ፥ ቫንኩቨር ላይ እንደገና ተሰለፈ።