የመቶ ዓመቱ ጎርፍ ነገ ሊመጣ ይችላል

አሶሳ ውስጥ ደጋግሜ የምሰማው ወሬ አለ፦ «የመቶ ዓመቱ ጎርፍ በ2012 ክረምት ሱዳን ላይ ወርዶ አልፏል፤ ከእንግዲህ የሚያየው የልጅ ልጅ ነው።» ይህ ስህተት ነው፤ ዓባይ ዳር ቤት ለሚሠራ ሰው ደግሞ አደገኛ ስህተት።

ጎርፍ ምን እንደሆነ ለመተከልም ለካማሺም ነዋሪ ማስረዳት አያስፈልግም። ወደ ቁጥሩ ልግባ።

ከረጢት ውስጥ 99 ነጭና 1 ቀይ የማሽላ ፍሬ አለ እንበል፤ ቀዩ የመቶ ዓመቱ ጎርፍ ነው። በየክረምቱ ዓይን ተጨፍኖ አንድ ፍሬ ይወጣል፣ ይታያል፣ ተመልሶ ይገባል። ቀዩ ዘንድሮ ቢወጣ ከርሞም ዕድሉ ያው ከመቶ አንድ ነው። በ30 ክረምት ቢያንስ አንዴ የመውጣት ዕድሉ 26 በመቶ ይሆናል፤ በ100 ክረምት እንኳ 63 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ አንዱ ምዕተ ዓመት ባዶውን ያልፋል፣ ሌላው ሁለቴ ይመታል። ወንዝ እንደ ላም ዘንድሮ ወልጄአለሁ ብሎ አያርፍም። (ጥፋቱ የስሙም ነው፤ «በየዓመቱ የአንድ በመቶ ዕድል ያለው ጎርፍ» ብንለው ይህ ሁሉ ባልመጣ።)

የባሰው ግን የታየውን ትልቅ ጎርፍ የጎርፍ ሁሉ ጣሪያ ማድረግ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሮማዊ ገጣሚ ሉክሬቲየስ፣ ስለ ተፈጥሮ በጻፈው ረጅም ግጥም 6ኛ መጽሐፍ፣ የሚበልጥ ወንዝ ላላየ ሰው ያየው ወንዝ ከሁሉ የገዘፈ እንደሚመስለው ጽፏል። በዚያው መጽሐፍ የዓባይን ሙላት መንስኤ ሲገምት፣ በምንጩ አካባቢ የሚጥለው ዝናብ ከግምቶቹ አንዱ ነበር። ናሲም ታሌብ በ2005 ዓ.ም. በታተመው «አንቲፍራጃይል» መጽሐፉ ወንዙን በተራራ ተክቶ ነገሩን «የሉክሬቲየስ ችግር» አለው፤ ምሳሌው ግን ዳግም ዓባይ ነው፦ የፈርዖን ጸሐፍት ውሃው የደረሰበትን ከፍተኛ ምልክት ለመጪው ዘመን መለኪያ ማድረጋቸው። ካርቱምም በ1938 እና በ1980 የደረሰውን ታውቅ ነበር፤ በ2012 ውሃው ከ17 ሜትር ተኩል በላይ ወጥቶ ሁለቱንም አለፈ።

ስለዚህ ጉባ ላይ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ እንደሚይዘው ላለ ግድብ መሐንዲሶች መዝገብ ብቻ አያዩም። አፈሩ ጠግቦ ሳለ፣ ከባቢ አየሩ ሊሸከም የሚችለው እርጥበት ሁሉ ተፋሰሱ ላይ ቢዘንብ ብለው ያሰላሉ። ይህም ቢሆን ግምት ነው፤ የእርጥበቱ ጣሪያ ራሱ በከፊል ከመዝገብ ይወጣል፣ በዚህ ባለሙያዎች ይከራከራሉ። አንድ በመቶ የምንለውም ቢሆን ከጥቂት አሥርት ዓመታት ልኬት የተሰላ ነው። አየር ደግሞ በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ 7 በመቶ ገደማ ተጨማሪ እርጥበት መያዝ ይችላል። የቀያዮቹ ፍሬዎች ቁጥር በዓባይ ተፋሰስ በምን ያህል እንደሚለወጥ የአየር ንብረት ሞዴሎች ገና አልተስማሙም።