ደመወዝ ከተከፈለ በኋላ የሚቀረው፦ የገጠር ወረዳ ምክር ቤት በጀትና የማኅበረሰብ አገልግሎት ወጪ

በኢትዮጵያ የገጠር ወረዳ ውስጥ ነዋሪው በየዕለቱ የሚያገኛቸው የመንግሥት አገልግሎቶች አብዛኞቹ ወጪያቸው የሚሸፈነው የወረዳው ምክር ቤት በሚያጸድቀው በጀት ነው። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያውና በሥሩ ያሉት ጤና ኬላዎች፣ የግብርና ልማት ሠራተኛው ምክር፣ የውኃ ተቋማት ጥገናና የቀበሌ መንገድ በዚህ ውስጥ ይጠቃለላሉ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል። የክልሉ ምክር ቤት የክልሉን በጀት ካጸደቀ በኋላ የወረዳው ምክር ቤት ተሰብስቦ የራሱን ያጸድቃል። በሕግ ረገድ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ገንዘቡን የሚመድበው በሕዝብ የተመረጠው ምክር ቤት ነው። ግልጽ ያልሆነው ምክር ቤቱ እጁን ሲያወጣ በእርግጥ የሚወስነው ስለ ምን ያህሉ ገንዘብ እንደሆነ ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ሕዝቡ በዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለእነዚህ እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ይደነግጋል። የገቢ ምንጮችን ሲደለድል ግን የሚናገረው ስለ ፌዴራልና ስለ ክልል መንግሥታት ብቻ ነው። በአንቀጽ 97 የተዘረዘሩት የገጠር መሬት መጠቀሚያ ክፍያ፣ የአርሶ አደሮች የግብርና ሥራ ገቢ ግብርና የግለሰብ ነጋዴዎች ግብር የክልሉ ናቸው። ስለዚህ ወረዳው ሥልጣኑን ያገኘው ከክልሉ ሕገ መንግሥት፣ ገንዘቡን ያገኘው ደግሞ ከክልሉ ድጎማ ነው። በተግባር ለውጥ የመጣው በ1994 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በደቡብና በትግራይ ክልሎች በተጀመረው የወረዳ ያልተማከለ አስተዳደር መርሐ ግብር ሲሆን፣ ከ1995 በጀት ዓመት ጀምሮ ወረዳዎች ጥቅል ድጎማ ይላክላቸው ጀመር። ከዚያ በፊት ለትምህርት ይህን ያህል፣ ለጤና ይህን ያህል ተብሎ በዘርፍ ቢሮዎችና በዞን መምሪያዎች ተቆርጦ ይመጣ የነበረው ገንዘብ በአንድ ድምር እየመጣ፣ ክፍፍሉ ለወረዳው ተተወ።

ድምሩ ራሱ እንዴት ይወሰናል? የመጀመሪያው ምንጭ የፌዴሬሽን ምክር ቤት በሚያወጣው ቀመር ለክልሎች የሚከፋፈለው የፌዴራል ድጎማ ነው። በ2016 በጀት ዓመት ከጸደቀው 801.65 ቢሊዮን ብር ውስጥ ለክልሎች ድጎማ የተመደበው 214.07 ቢሊዮን ነበር። ለ2017 መጀመሪያ ሲጸድቅ ጠቅላላው በጀት 971.2 ቢሊዮን ሲደርስ የክልሎች ድጎማ 222.7 ቢሊዮን ሆነ። ጠቅላላው በጀት 21 በመቶ ገደማ ሲያድግ ድጎማው ያደገው 4 በመቶ ያህል ብቻ ነው ማለት ነው፤ የዋጋ ንረቱ ደግሞ በሁለት አሐዝ ላይ ነበር። ክልሉ ከራሱ ገቢ ጋር ደምሮ፣ የክልል መሥሪያ ቤቶችን ድርሻ ቀንሶ፣ የቀረውን ለወረዳዎች የሚያከፋፍለውም በቀመር ነው።

የመጀመሪያው ቀመር በሕዝብ ብዛት፣ በልማት ደረጃና በገቢ አሰባሰብ ጥረት ላይ የተመሠረተ ነበር። በኋላ ክልሎች ወደ ነጠላ ወጪ ስሌት አዘነበሉ፤ ማለትም አንድ ተማሪ፣ አንድ ጤና ጣቢያ ወይም አንድ የልማት ሠራተኛ የሚጠይቀው ወጪ ታስቦ በቁጥሩ ይባዛል። ሁለቱ ቀመሮች የሚፈጥሩት ግፊት ይለያያል። የፊተኛው በተቋማት ወደኋላ የቀረውን ወረዳ ለመደገፍ ይሞክራል፤ የኋለኛው ተቋሙ ላለው ወረዳ ተቋሙን የሚያንቀሳቅስበትን ይሰጣል፣ ትምህርት ቤት ያልተሠራለት ቀበሌ ግን በስሌቱ ውስጥ ጎልቶ አይታይም። በሁለቱም ቀመሮች ሥር ያለው የሕዝብ ቁጥር መነሻው የ1999ኙ ቆጠራ ነው። ከዚያ ወዲህ ቆጠራ ስላልተካሄደ ስሌቱ በትንበያ ላይ ቆሞአል። በፍልሰት የተጨናነቀውም፣ ነዋሪው የሳሳውም ወረዳ ድርሻውን የሚያገኘው በዚሁ ትንበያ ነው።

ወረዳው የሚሰበስበው ግብር በብዙ ክልሎች አሠራር በድጎማው ላይ የሚጨመር አይደለም፤ ለወረዳው ከተሰላው ጠቅላላ የወጪ ፍላጎት ላይ «ይሰበሰባል» ተብሎ የታቀደው ገቢ ተቀንሶ ልዩነቱ በድጎማ ይሞላል። ይህች ትንሽ የሒሳብ አሠራር ትልቅ ውጤት አላት። የገቢ ዕቅዱ ከአቅም በላይ ከተለጠጠ በሐምሌ የጸደቀው በጀት በወረቀት ላይ ሙሉ ሆኖ ሳለ በሚያዝያና በግንቦት ካዝናው ይጎድላል። ድርቅ ወይም ግጭት በገባበት ዓመት ጉድለቱ ምንም የዕቅድ ስሕተት ሳይኖር ይመጣል። በማንኛውም ምክንያት ይጉደል፣ ደመወዝ አይነካም፤ የሚጎድለው ከሌላው ነው።

የወጪው ጎን የሚታየውም በዚህ መነጽር ነው። የወረዳ በጀት በመደበኛና በካፒታል ይከፈላል። መደበኛው ደግሞ በደመወዝና በሥራ ማስኬጃ ይለያል። ከሁሉም የሚበዛው ደመወዝ ነው፤ ከደመወዙም የሚበዛው የመምህራን። ይህ በራሱ እንደ ጥፋት ሊቆጠር አይገባም። ትምህርት ያለ መምህር፣ ክትባት ያለ ጤና ባለሙያ የለም፤ የወረዳ ደመወዝ ሲባልም የቢሮ ጸሐፊ ደመወዝ ብቻ አድርጎ ማሰብ የተለመደ ስሕተት ነው። ቁም ነገሩ የሠራተኛውን ቁጥርና የደመወዙን መጠን የሚወስነው ምክር ቤቱ አለመሆኑ ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በየቀበሌው ሁለት ሠራተኞች እንዲመደቡ አደረገና ከ30,000 በላይ ሠራተኞች ተሰማሩ። የግብርና ኤክስቴንሽኑ በየቀበሌው ሦስት የልማት ሠራተኞች እንዲኖሩ አቀደ። ፖሊሲው የወጣው አዲስ አበባ ነው፤ የደመወዝ ዝርዝሩ ያረፈው በወረዳው መደበኛ በጀት ላይ ነው። የደመወዝ ስኬል ሲሻሻልም እንዲሁ። የወረዳዎች ቁጥር በሁለት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ ከአንድ ሺህ ማለፉ ሲታከልበት ደግሞ ያው ድጎማ ለተጨማሪ አስተዳዳሪዎች፣ ለተጨማሪ ጽሕፈት ቤቶችና ለተጨማሪ ተሽከርካሪዎች ይሸነሸናል።

ለማሳያ ያህል 100 ብር በጀት ያለው ወረዳ ይታሰብ፤ 80ው ብር ደመወዝ፣ 12ቱ ሥራ ማስኬጃ፣ 8ቱ ካፒታል ነው እንበል። በዓመቱ አጋማሽ 6 ብር ቢጎድል ጉድለቱ ከጠቅላላው በጀት 6 በመቶ ነው። ከሥራ ማስኬጃ ብቻ ከተነሣ ግን የሥራ ማስኬጃው ግማሽ ጠፋ ማለት ነው። ነዋሪው አገልግሎቱ «ተዳከመ» ሲል የሚሰማው ይህን ግማሽ ነው። ሠራተኛው በቦታው አለ፤ ጠመኔው፣ ነዳጁ፣ የማቀዝቀዣው ጥገና፣ የመስክ ውሎ አበሉ የለም።

የመጠጥ ውኃ ጉዳይ ይህን ከሁሉ ይልቅ ያስረዳል። በብዙ ቀበሌዎች የሚታየው የአፍሪዴቭ የእጅ ፓምፕ የሚተከለው በካፒታል ገንዘብ ነው፤ ያም ብዙውን ጊዜ ከክልሉ፣ ከልማት አጋር ወይም ከመንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት ይመጣል። በምረቃው ዕለት ንብረቱ ለውኃ ተጠቃሚዎች ኮሚቴ ይተላለፋል። ኮሚቴው ከየቤቱ መዋጮ ይሰበስባል፣ ጠባቂ ይቀጥራል፣ የሚያልቁ ላስቲኮችን ይተካል። እስከዚህ ድረስ ሥርዓቱ ይሠራል። ቧንቧው ሲሰበር ወይም ሲወድቅ ግን ጉዳዩ ከኮሚቴው አቅም ያልፍና ለወረዳው ውኃ ጽሕፈት ቤት ይመራል። ጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ አለው፤ ደመወዙም በየወሩ ይከፈላል። ባለሙያው ቀበሌው ድረስ ለመሄድ የሞተር ብስክሌት ነዳጅና ውሎ አበል፣ ለጥገናው መለዋወጫ ያስፈልገዋል፤ ሦስቱም ያሉት በዚያችው በተቆረጠችው የሥራ ማስኬጃ ውስጥ ነው። ብልሽቱ የሚበዛው ደግሞ ምንጮች ደርቀው ሕዝቡና ከብቱ በአንድ ፓምፕ ላይ በሚሰበሰቡበት በበጋው መጨረሻ፣ ማለትም በጀቱ ወደ ማለቂያው በተቃረበበት ጊዜ ነው። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ መለዋወጫ ዋጋው ሲንር የብሩ ምደባ የሚገዛው ዕቃ አንሷል። እንዲህ ሲሆን ብዙ ብር የፈሰሰበት ጉድጓድ ጥቂት ብር ጠፍቶ ይዘጋል። በሪፖርቱ ላይ የሚቀመጠው «የተሠራ የውኃ ተቋም» ቁጥር ግን አይቀንስም።

ክፍተቱን ለመሙላት ከምክር ቤቱ ጎን ሌሎች የገንዘብ መስመሮች ተከፍተዋል። ከ1997ቱ ምርጫ ቀውስ በኋላ ለጋሾች ቀጥተኛ የበጀት ድጋፋቸውን ሲያቋርጡ፣ በ1998 ዓ.ም. የመሠረታዊ አገልግሎቶች ጥበቃ መርሐ ግብር ተቀርጾ ገንዘቡ በጥቅል ድጎማው በኩል ወደ ወረዳ እንዲወርድ ተደረገ። ይህኛው የወረዳውን በጀት የሚያጠናክር ነበር። ሌሎቹ ግን ምክር ቤቱን ያልፉታል። የትምህርት ጥራት ማሻሻያው መርሐ ግብር በተማሪ ቁጥር ልክ ለትምህርት ቤቶች ድጎማ ሲሰጥ ቆይቷል። ጤና ጣቢያዎች ከታካሚ የሚሰበስቡትን ገቢ ለራሳቸው እንዲጠቀሙበት ተፈቅዶላቸዋል። በ2003 ዓ.ም. ገደማ በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን ደግሞ ለጤና ጣቢያው ተጨማሪ ገቢ ሲያስገኝ፣ መክፈል የማይችሉትን አባላት መዋጮ በመሸፈን ወረዳውንና ክልሉን ባለዕዳ ያደርጋል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የምግብ ዋስትና ሴፍቲኔት በሕዝብ ሥራዎች አማካይነት የሚሠራቸው መንገዶች፣ እርከኖችና የትምህርት ክፍሎችም የራሳቸው ዕቅድና የራሳቸው ሒሳብ አላቸው። ለርእሰ መምህሩና ለጤና ጣቢያው ኃላፊ እነዚህ መስመሮች እፎይታ ናቸው። ለምክር ቤቱ ግን ለአገልግሎት ከሚውለው ተንቀሳቃሽ ገንዘብ የሚበዛው ከአዳራሹ ውጭ የሚወሰን ሆነ።

ከሁሉ ይልቅ ከዕይታ የራቀው የኅብረተሰብ ተሳትፎ የሚባለው ነው። የመማሪያ ክፍል፣ የቀበሌ መንገድ፣ የመምህራን መኖሪያና የጤና ኬላ ግንባታ በገንዘብ፣ በቁሳቁስና በጉልበት መዋጮ ይከናወናል፤ በየዓመቱ የተፋሰስ ልማት ዘመቻ ሲደርስም አርሶ አደሩ ለቀናት ይወጣል። ይህን ከደቦ ጋር አንድ አድርጎ የማየት ልማድ አለ፤ ልዩነቱ ግን ግልጽ ነው። ደቦ ዛሬ የረዳ ነገ የሚረዳበት፣ በጎረቤታሞች መካከል የሚደረግ የጉልበት መረዳዳት ነው። የተሳትፎ መዋጮ ግን በቀበሌ አስተዳደር የሚታዘዝ፣ ብዙ ጊዜም ከግብር ጋር በአንድ ሰሞን የሚሰበሰብ ነው። በባሕርዩ ግብር ከመሆን የሚለየው በሕግ አለመጣሉ፣ በምክር ቤት አለመጽደቁና ከወረዳው ሒሳብ ጋር አለመመርመሩ ነው። ክብደቱም እኩል አያርፍም። የመሬት መጠቀሚያ ክፍያ እንደ ይዞታው ስፋት ከፍ ዝቅ ይላል፤ በየአባወራው የሚጣል እኩል መዋጮ ግን ሁለት ጥማድ በሬ ያለውንና በሬ የሌላትን እማወራ አይለይም። እንዲህም ሆኖ ሕዝቡ የሠራውን ክፍል እንደራሱ ማየቱ፣ ግንበኛውንና ቆርቆሮውን ራሱ መቆጣጠሩ የታወቀ ጥቅም ነው። ክርክሩ መዋጮው ይቅር ወይስ ይቀጥል ሳይሆን በየትኛው መዝገብ ይመዝገብ የሚል ነው።

የከተሞች ሁኔታ ከዚህ የተለየ ስለሆነ በጥቂቱ ብቻ ይነሣል። ከተሞች መንግሥታዊና ማዘጋጃ ቤታዊ ሥራቸውን ለይተው ይይዛሉ፤ መንገዱን፣ የቆሻሻ አወጋገዱንና የመንገድ መብራቱን ከመሬት ሊዝና ከአገልግሎት ክፍያ ይሸፍናሉ። የገጠሩ ወረዳ የሚሸጠው መሬት የለውም።

ቁጥጥሩን በተመለከተ የምክር ቤቱ የበጀትና ፋይናንስ ቋሚ ኮሚቴ የሩብ ዓመት ሪፖርት ይሰማል። ከመሠረታዊ አገልግሎቶች መርሐ ግብር ጋር የመጣው የፋይናንስ ግልጽነት አሠራር የወረዳው በጀትና ወጪ በሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ ያዛል፤ የማኅበራዊ ተጠያቂነት መድረኮችም ተጠቃሚዎችንና አገልግሎት ሰጪዎችን አገናኝተዋል። ነገር ግን የተለጠፈው ሠንጠረዥም፣ የሚሰማው ሪፖርትም የሚናገረው በዘርፍ ድምር ነው። «የትምህርት በጀት 98 በመቶ ሥራ ላይ ውሏል» የሚል ዐረፍተ ነገር ደመወዝ በየወሩ መከፈሉን እንጂ መማሪያ ክፍሉ ጠመኔ ማግኘቱን አይገልጽም። በሰኔ የመጨረሻ ሳምንታት የሚታየው የግዥ ጥድፊያም የአፈጻጸሙን መቶኛ ያሳምራል፤ የተገዛው ዕቃ የሚደርሰው ግን ትምህርት ከተዘጋ በኋላ ነው።

ስለዚህ ጉዳዩን ለሚያጠና ሰው ጠቃሚው መረጃ ያለው ከጸደቀው በጀት ይልቅ በወረዳው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት መዝገብ ውስጥ ነው። በመንግሥት ሒሳብ መደብ በ6100 ረድፍ የተመዘገበው የሠራተኛ ወጪ፣ በ6200 ረድፍ ደግሞ የዕቃና የአገልግሎት ወጪ ነው። ለ6200 በሐምሌ የጸደቀውን፣ በዝውውር የተስተካከለውንና በየወሩ የተከፈለውን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ጉድለቱ በየትኛው ወር፣ በየትኛው ዘርፍ ላይ እንዳረፈ ያሳያል። ከዚያም የዝውውሩን ደብዳቤ ከፍቶ ዝውውሩ በምክር ቤቱ ጉባኤ ታይቶ እንደሆነ ወይም በካቢኔ ብቻ ተወስኖ ምክር ቤቱ በዓመቱ መጨረሻ እንዲያውቀው ተደርጎ እንደሆነ ከቃለ ጉባኤው ማረጋገጥ ይቻላል።