ከበር ወዲህ ያለው ኢንተርኔት

ኢንተርኔት ሲንቀራፈፍ ቅሬታችን የሚያመራው በቀጥታ መስመሩን ወዳስገባልን ድርጅት ነው። እውነትም ጥፋቱ እዚያ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሆኖም መስመሩ እስከ ደጃፋችን በደህና ደርሶ፣ ፍጥነቱ ከበር ወዲህ ባሉት ጥቂት ሜትሮች የሚባክንበት ጊዜም ቀላል አይደለም። የትኛው እንደሆነ ለመለየት አንድ ላፕቶፕና አንድ የኔትወርክ ኬብል ይበቃሉ።

የላፕቶፑን ዋይፋይ አጥፍተው በኬብል ከራውተሩ ጋር ያገናኙትና ፍጥነቱን ይለኩ። ከዚያ ኬብሉን ነቅለው በዋይፋይ ይለኩ፤ መጀመሪያ ራውተሩ አጠገብ፣ ቀጥሎ ዘወትር በሚሠሩበት ቦታ። ሦስቱን ቁጥሮች ወረቀት ላይ ይጻፏቸው። የኬብሉ ቁጥር ራሱ ከተዋዋሉት ፍጥነት በጣም ካነሰ ችግሩ የመስመሩ፣ የኬብሉ ወይም የመሰኪያው ነው። ኬብሉ ደህና ሆኖ ዋይፋዩ ራውተሩ አጠገብም ከደከመ ጥርጣሬው ወደ ሴቲንግና ወደ ጎረቤት ራውተሮች ይዞራል። አጠገቡ ፈጥኖ መኝታ ቤት ከሞተ ደግሞ የግድግዳና የርቀት ጉዳይ ነው።

ሦስት ዕቃ በአንድ ሳጥን

ራውተር ብለን የምንጠራው ሳጥን በውስጡ ቢያንስ ሦስት ዕቃ ይዟል። አንደኛው ከውጭ የመጣውን መስመር ከቤት ውስጥ ኔትወርክ ጋር ያገናኛል፤ ሁለተኛው በኬብል የተሰኩትን እርስ በርስ ያገናኛል፤ ሦስተኛው ዋይፋይ የሚያሰራጨው ሬዲዮ ነው። ከጀርባው ካሉት መሰኪያዎች ዋን የሚባለው የውጭው መስመር የሚገባበት ሲሆን ብዙ ጊዜ በቀለም ይለያል። ላን የተባሉት የቤት ውስጥ ናቸው።

ለስልክዎ ከራውተሩ የሚሰጠው አድራሻ አብዛኛውን ጊዜ በ192.168 ይጀምራል። የጎረቤትዎም እንደዚያው ነው። የተለመደው የአይፒ አድራሻ ብዛት 4.3 ቢሊዮን ያህል ብቻ በመሆኑ ለዓለም ዕቃ ሁሉ አይበቃም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ደንብ፣ ማንም በቤቱ ወይም በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ እንደፈለገ ደጋግሞ የሚጠቀምባቸውን አድራሻዎች ለይቶ አስቀመጠ። ራውተሩ ለእያንዳንዱ ዕቃ ከእነዚህ አንዱን ያድላል፤ ወደ ውጭ ሲወጣ ግን የቤቱ ሰው ሁሉ በአንድ አድራሻ ይታያል።

ይህን አለማወቅ የሚያስከትለው ችግር የሚገጥመው ለፎቅ ወይም ለሰርቪስ ቤት ሁለተኛ ራውተር ሲጨመር ነው። ሁለቱም 192.168.1.1 ነኝ ካሉና ሁለቱም አድራሻ ማደል ከጀመሩ ግንኙነቱ አንዴ እየሠራ አንዴ እየጠፋ ያስቸግራል። መፍትሔው የሁለተኛውን አድራሻ ወደ 192.168.1.2 መቀየር፣ ዲኤችሲፒ የተባለውን የአድራሻ ማደያ ማጥፋትና ከመጀመሪያው የመጣውን ኬብል ዋን ላይ ሳይሆን ላን ላይ መሰካት ነው።

ስምንቱ ሽቦዎች

የኔትወርክ ኬብል ቢላጥ ስምንት ቀጫጭን የመዳብ ሽቦዎች ሁለት ሁለት ሆነው ተጠማዝዘው ይገኛሉ። የተጠማዘዙት ለውበት አይደለም። ከአካባቢው የኤሌክትሪክ መስመር የሚመጣ ረብሻ በእያንዳንዱ ጥንድ ሁለት ሽቦዎች ላይ በእኩል መጠን ያርፋል፤ ተቀባዩ የሚያነበው በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ስለሆነ ረብሻው ይሰረዛል።

በሴኮንድ 1000 ሜጋቢት ለማስተላለፍ አራቱም ጥንዶች ያስፈልጋሉ። ለ100 ሜጋቢት ግን ሁለት ጥንድ ይበቃል። ስለዚህ ጫፉ ላይ ባለው ፕላስቲክ መሰኪያ ውስጥ አንዲት ሽቦ ከላላች ግንኙነቱ የግድ አይቋረጥም፤ ምንም ሳይናገር ወደ 100 ሊወርድ ይችላል። ፈጣን መስመር አስገብተው በኬብል ሲለኩ ሁሌ 94 አካባቢ ላይ የሚቆም ከሆነ፣ ማንንም ከመውቀስዎ በፊት ኬብሉን ይቀይሩ። ካልተለወጠ የራውተሩ ወይም የላፕቶፑ መሰኪያ ራሱ ከ100 በላይ የማይችል መሆኑን ይመልከቱ።

አየሩ የጋራ ነው

በኬብል የተያያዘ ዕቃ የራሱ መንገድ ስላለው በአንድ ጊዜ ይልካልም ይቀበላልም። የዋይፋይ ጠባይ ሌላ ነው። እንደ እድር ስብሰባ፣ አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ብሎ ተራውን ይጠብቃል። ከራውተሩ ርቆ ሞገዱ የደከመበት ስልክ ደግሞ የሚናገረው ቀስ ብሎ ነው፤ ያቺኑ ፋይል ለማውረድ ረጅም ጊዜ ስለሚይዝ ራውተሩ ሥር የተቀመጠውንም ሰው ያስጠብቃል። የጎረቤት ራውተር በዚያው ቻናል ላይ ካለም ተራው የጋራ ይሆናል።

እዚህ ላይ የቻናል ምርጫ ይመጣል። በ2.4 ጊጋኸርትዝ በብዙ አገር 13 ቻናሎች አሉ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት 5 ሜጋኸርትዝ ብቻ ነው። አንድ ራውተር ግን ቢያንስ 20 ሜጋኸርትዝ ይይዛል። በዚህ ምክንያት ሳይደራረቡ ጎን ለጎን የሚሠሩት 1፣ 6 እና 11 ናቸው። «1ም 6ም ተይዘዋል፣ መሃል ልግባ» ብሎ 3ን መምረጥ ያባብሳል፤ በአንድ ቻናል ያሉ ራውተሮች እየተሰማሙ ተራ ሲጠብቁ፣ በከፊል የተደራረቡት ግን አንዱ ለሌላው ረብሻ ይሆናሉ። በኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው በነጻ የስልክ መተግበሪያ የጎረቤቶቹን ቻናል አይቶ ከሦስቱ ቀለል ያለውን ይምረጥ፤ የቻናሉንም ስፋት 20 ላይ ያድርገው።

5 ጊጋኸርትዝ ብዙ ቻናልና ከፍተኛ ፍጥነት አለው፤ ግድግዳ ማለፍ ላይ ግን ይደክማል። ለሳሎን ቴሌቪዥንና ለላፕቶፕ እሱ ይመረጣል፤ ለሩቁ ክፍል 2.4 ይሻላል።

የቦታ ነገር ሴቲንግ ከመነካካት በላይ ለውጥ ያመጣል። ራውተሩ የሚልከው ኃይል ወደ አንድ አሥረኛ ዋት ገደማ ነው። ስልክዎ ላይ ያለው መለኪያ −70 ዲቢኤም ሲያሳይ የደረሰው የዋት አሥር ቢሊዮንኛ ነው፤ ከተላከው ከቢሊዮን አንድ እጁ ማለት ነው። በዚህ ላይ ፌሮ የበዛበት ኮንክሪት፣ ቆርቆሮ፣ መስታወትና ውኃ የሞላ ሮቶ ሲጨመሩ ምን እንደሚተርፍ መገመት አያዳግትም። ራውተሩን ቡፌ ውስጥ ወይም ከቴሌቪዥን ጀርባ አይደብቁት፤ ከፍ አድርገው ወደ ቤቱ መሃል ያቅርቡት። አንቴናው ሞገዱን የሚረጨው ወደ ጎን እንጂ ወደ ጫፉ አቅጣጫ ስላልሆነ ወደ መኝታ ቤት ማነጣጠር ጥቅም የለውም፤ ቀጥ አድርገው ያቁሙት።

ሁለት የይለፍ ቃል

አንዱ የይለፍ ቃል ለዋይፋዩ ነው፤ ሌላው የራውተሩን ሴቲንግ የሚከፍት ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ይቀይርና ሁለተኛውን ፋብሪካው እንዳስቀመጠው ይተወዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ክፉ ፕሮግራም እጅግ ብዙ ካሜራዎችንና ራውተሮችን የማረከው እነዚህን የታወቁ የፋብሪካ የይለፍ ቃሎች እየሞከረ ነበር።

ከጥበቃ ዓይነቶች ዌፕ ድክመቱ ከተጋለጠበት ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የማይታመን ነው። ደብልዩፒኤ3 ካለ እሱን፣ ስልኮችዎ አሮጌ ከሆኑ ከደብልዩፒኤ2 ጋር የተቀላቀለውን ይምረጡ። ደብልዩፒኤስ የተባለውን፣ በይለፍ ቃል ፋንታ በአጭር ቁጥር የሚያስገባ አቋራጭ ያጥፉት። ስምንት አኃዝ ያለው ቁጥሩ 100 ሚሊዮን ግምት የሚጠይቅ ይመስላል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2011 እንደታወቀው ራውተሩ የመጀመሪያዎቹን አራት አኃዞች ለብቻ ያረጋግጣል፤ ከቀሩት አራቱ ደግሞ አንዱ ከሌሎቹ በስሌት የሚገኝ ነው። ስለዚህ 10,000 ሲደመር 1,000፣ ማለትም 11,000 ግምት ይበቃል።

ወደ ሴቲንጉ ለመግባት ብራውዘር ላይ 192.168.1.1 ወይም ከራውተሩ ሆድ ላይ ባለው ወረቀት የተጻፈውን አድራሻ ያስገቡ። የዋይፋይ ስም ወይም የይለፍ ቃል በቀየሩ ቁጥር ግንኙነቱ ስለሚቋረጥ በኬብል ሆነው ቢሠሩ ይመረጣል። አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ፣ ይለኩ፣ ከዚያ ወደ ሌላው ይለፉ፤ አምስቱን ባንዴ የነካካ ሰው የትኛው እንደሠራለት አያውቅም። ቢበላሽም ሪሴት የሚለውን ትንሽ ቀዳዳ በስክሪብቶ ጫፍ ለጥቂት ሴኮንዶች ተጭኖ መያዝ ሁሉን ወደ ፋብሪካው ሴቲንግ ይመልሰዋል። ነገር ግን መስመሩ የሚገባበትን የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃልም አብሮ ሊያጠፋ ስለሚችል፣ ከመጫንዎ በፊት ሁለቱ በእጅዎ መኖራቸውን ያረጋግጡ።