ከሽማግሌ አልጋ አጠገብ የተገኘ የንግድ ሐሳብ

በጡረታ የወጣ ሰው ምን ይጐድለዋል ቢባል፥ ብዙዎቻችን ወዲያው ስለ አበሉ ማነስ እንናገራለን። ይህም እውነት ነው። ነገር ግን ሽማግሌ የሚጦርበት ቤተ ሰብ ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ገንዘብ ብቻውን የማይሞላው ሌላ ጕድለት አለ፤ በሌሊት ሲነሣ የሚያየው ዓይን፥ በቀንም የሚያጫውተው ሰው ያስፈልገዋል። ይህን ተመልክተው ሥራ የፈጠሩ ተማሪዎች በአሜሪካ አገር አሉና፥ የሁለቱን ሥራዎች ነገር ለአንባቢዎቻችን እናወራለን።

የመጀመሪያው ኬነት ሺኖዙካ የተባለ የኒው ዮርክ ተማሪ የሠራው ነው። ኬነት ገና የአራት ዓመት ሕፃን ሳለ፥ በጃፓን አገር ከአያቱ ጋር በመናፈሻ ሲመላለሱ አያቱ በድንገት መንገዱ ጠፋባቸው። ሕፃኑ እጅግ ደነገጠ። ቤተ ሰቡም አልዛይመር የሚባለው የመርሳት ደዌ ሽማግሌውን እንደ ያዛቸው የተረዳው ከዚያ ወዲህ ነው። ደዌው እየጸና ሲሄድ በሌሊት ከአልጋ እየተነሡ መውጣት ጀመሩ። የሚያስታምሟቸው የኬነት አክስት ነበሩ፤ እኒህ ሴት እንቅልፋቸውን አጥተው ይጠብቃሉ፥ እንዲያም ሆኖ ሽማግሌው ሳያዩአቸው ከአልጋ የሚወርዱበት ጊዜ ብዙ ነበር። በሽተኛ ያስታመመ ሰው ይህን ድካም ያውቀዋል፤ ከሥራው ይልቅ የሚጐዳው፥ ልብ ሳይጣል ማደሩ ነው።

አንድ ሌሊት ኬነት አያቱን ሲጠብቅ ከአልጋ ሲወርዱ አየ። እግራቸው ወለሉን በረገጠ ጊዜ አንድ ሐሳብ መጣለት። ክብደት ተረከዝ ላይ ሲያርፍ የሚያውቅ ስስ መሣሪያ ቢኖርና ወሬውን ወዲያው ወደ አክስቱ የእጅ ስልክ ቢልክ፥ አክስቱ ተኝተው ማደር ይችላሉ። ሐሳቡ ቀላል ይመስላል፥ ሥራው ግን ቀላል አልነበረም። መሣሪያው በካልሲ ላይ ሆኖ እንዳይቈረቍር ስስና ተጣጣፊ መሆን ነበረበት፤ ለዚህም ጫና ሲያርፍበት የኤሌክትሪክ ጠባዩ የሚለወጥ ልዩ ቀለም በስስ ንጣፍ ላይ ቀባ። ወሬውን የሚልከው ክፍል ደግሞ ሳንቲም በምታህል ባትሪ መሥራት ስለ ነበረበት፥ ጥቂት ኀይል የሚበቃውን የብሉቱዝ ዓይነት መረጠ። ስልኩን ጠባቂ የሚያደርገውንም ፕሮግራም ራሱ ጻፈ።

መሣሪያው በአያቱ እግር ተፈተነ። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ኬነት በአደባባይ ሲናገር፥ ከ900 በላይ የሆነውን የሽማግሌውን መነሣት አንዱንም ሳይስት እንዳመለከተ ገለጸ። በዚያው ዓመት፥ በ15 ዓመት ዕድሜው፥ በጉግል የሳይንስ ውድድር ላይ ሳይንቲፊክ አሜሪካን የተባለው መጽሔት የሚሰጠውን የ50,000 ዶላር ሽልማት ተቀበለ። ኋላም ሴፍዋንደር በሚል ስም ለገበያ ሲቀርብ፥ መሣሪያው በልብስ ላይ የሚያያዝ ቁልፍ መሰል ነገር ሆነ። ካልሲ አድርጎ መተኛትን የማይወድ ሽማግሌ ብዙ ነውና፥ መለወጡ አያስደንቅም።

በዚህ ነገር እኔን ደስ ያሰኘኝ፥ ልጁ በአያቱ ላይ በር የሚዘጋ መሣሪያ አለመሥራቱ ነው። ሆኖም ስልኩ ያነቃል እንጂ፥ ተነሥቶ እጃቸውን ይዞ የሚመልሳቸው ያው ሰው ነው። የአስታማሚው ቦታ በመሣሪያ አልተተካም።

ሁለተኛው ሥራ የተነሣው ከዚሁ ስፍራ ነው ማለት ይቻላል። በ2018 አካባቢ በካሊፎርኒያ፥ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የንግድ ትምህርት ቤት ይማሩ የነበሩ ሁለት ሴቶች ሞን አሚ የተባለ ድርጅት አቋቋሙ፤ ስሙ በፈረንሳይኛ «ወዳጄ» ማለት ነው። የኮሌጅ ተማሪዎች ወደ አረጋውያን ቤት ሄደው ያጫውታሉ፥ ቤተ ሰቡም በሰዓት ሒሳብ ይከፍላል። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ ቤት ለቤት መሄድ ስለ ቀረ፥ በጎ ፈቃደኞች በስልክ አረጋውያንን የሚያነጋግሩበትን መሥመር ከፈቱ። ከዚያም ወዲህ አረጋውያንን ለሚረዱ መሥሪያ ቤቶች የኮምፒውተር ፕሮግራም ወደ ማቅረብ ዞሩ።

ጨዋታ በሰዓት ይሸጣልን? በእኛ ዘንድ ለአያቱ መርፌ የሚሰካ፥ ለጎረቤት ሽማግሌ ጋዜጣ የሚያነብ ልጅ ዋጋው ምርቃት ነበረ፤ ዛሬም ምርቃቱ አልቀረም። እኔም መጀመሪያ ነገሩን ስሰማ ፊቴን አጨፈገግሁ። ግን በዋሽንግተን አካባቢ ስለሚኖሩ ቤተ ሰቦቻችን ባሰብሁ ጊዜ ቍርጥ ያለ ፍርድ ለመስጠት አልቻልሁም። ልጅ እናቱን ሊጦር ከአገር ያመጣል፤ ኑሮው ግን ቀን በአንድ ስፍራ ማታ በሌላ ስፍራ ያሠራዋል። እናት ቋንቋው በማይገባቸው ቴሌቪዥን ፊት ብቻቸውን ይውላሉ። በአማርኛ ደኅና የሚያወራ የጎረቤት ተማሪ በሳምንት ሁለት ቀን መጥቶ ቡና ቢጠጣላቸው፥ የአገሩንም ወሬ ቢያነብላቸው፥ ልጃቸውም ለትምህርቱ የሚረዳውን ገንዘብ ቢከፍለው፥ ማን ይጐዳል? ተማሪው ምርቃቱን ከዋጋው በላይ እንደሚቀበል አልጠራጠርም።

ይህን ሥራ ሊጀምር የሚያስብ ተማሪ ግን አንድ ነገር አስቀድሞ ያስብ። ሽማግሌ አዲስ ፊት ለመልመድ ጊዜ ይፈጅበታል፤ የመርሳት ደዌ ያለበት ደግሞ ይልቁን። ስለዚህ በዚህ ማክሰኞ አንዱን፥ በሚመጣው ማክሰኞ ሌላውን መላክ፥ በየሳምንቱ እንግዳ ሰው በቤታቸው ማስቀመጥ ነው። ያለፈው ማክሰኞ ጨዋታ ከቈመበት የሚቀጥለው፥ ያን ቀን አብሮ የነበረው ልጅ በሩን ሲያንኳኳ ነው።