የዛፍና የቁጥቋጦ መመናመን፣ የንብ በሽታና የኑግ ምርት በአሶሳ አካባቢ

መግቢያ

በአሶሳና በአካባቢው ኑግ ለዘይትም ለገበያም ይመረታል። ኑግ በራሱ ብናኝ በሚገባ ፍሬ አይዝም፤ ከሌላ የኑግ ተክል ብናኝ ሊደርሰው ይገባል። ይህን ሥራ በይበልጥ የሚፈጽሙት ንቦች ናቸው። ስለዚህ ንብ ሲታመም የሚቀንሰው ማር ብቻ ሳይሆን የኑግ ምርትም ጭምር ነው።

የአካባቢ ለውጥ በሽታን የሚያስፋፋው እንዴት ነው?

ሀ/ የአበባ ማነስ፦ ዛፉና ቁጥቋጦው ሲመነጠር፣ የበጋ እሳትም የተረፈውን ሲያቃጥል፣ ኑግ ከማበቡ በፊትና ካበበ በኋላ ንቦች የሚቀስሙት ያጣሉ። የተራበ ኅብረ ንብ በሽታን የመቋቋም ኃይሉ ይደክማል። ከዚህም በላይ የብዙ ቀፎ ንቦች በጥቂት አበቦች ላይ ስለሚሻሙ፣ የታመመችው ንብ በኩሷ የጣለችውን፣ ኖዜማ የተባለውን የአንጀት በሽታ ጤነኛዋ ይዛ ትመለሳለች።

ለ/ የዝናብ መዛባት፦ ንቦች እጭ ያለበትን እንጀራ ከ34 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያሞቁታል። ዝናቡ እስከ አበባ ወራት ሲዘልቅ ለቀሰም አይወጡም፤ የደከመው ኅብረ ንብ እጩን ማሞቅ ይሳነዋል። በዚህ ጊዜ ፈንገስ እጩን እንደ ኖራ ያደርቀዋል። ያው እርጥበት በማሳው ላይ የቅጠል በሽታዎችን ያባብሳል።

ምልክቶች

1. በቀፎው ደጃፍ የወደቀ፣ የደረቀ፣ ነጭ ወይም ጠቆር ያለ እጭ፤
2. በቀፎው ፊት የበዛ የኩስ ነጠብጣብና መብረር ተስኗቸው የሚድሁ ንቦች።

ሁለተኛው ምልክት ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ የፀረ ተባይ መርዝም ንቦችን ያስድሃል። ስለሆነም የልማት ሠራተኛው በቅርቡ ስለተረጨ መድኃኒት ይጠይቅ፤ የንቦቹንም ናሙና በአጉሊ መነጽር ያስመርምር።

ሊወሰዱ የሚገባቸው እርምጃዎች

1. በማሳ ዳርና በወንዝ ዳር ያሉትን ዋንዛ፣ ብሳናና ግራዋ አለመቁረጥ፤ በተመነጠረው ቦታ መልሶ መትከል።
2. በጋ ሳይገባ የእሳት መከላከያ መስመር መጥረግ፤ ማር ከተቆረጠ በኋላ የጭሱን እሳት ፈጽሞ ማጥፋት።
3. ቀፎን ከመሬት ከፍ አድርጎ በደረቅ ቦታ ማኖርና ውሃ እንዳይገባበት ወደ አፉ በኩል ጥቂት ማዘንበል።
4. የታመመ እጭ ያለበትን እንጀራ አውጥቶ ማቃጠል እንጂ ወደ ሌላ ቀፎ አለማዛወር።
5. ባበበ ማሳ ላይ ፀረ ተባይ አለመርጨት። ግድ ከሆነ ለንብ አርቢዎች አስቀድሞ ማስታወቅና ንቦች ከገቡ በኋላ ሲመሽ መርጨት።

ንብ የማሳ ወሰን አታውቅም። አንድ ገበሬ ቁጥቋጦውን ጠብቆ ጎረቤቱ ቢያቃጥል ጉዳቱ የሁለቱም ነው። ስለዚህ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ እነዚህን እርምጃዎች ኑግ ከመዘራቱ በፊት በጠቅላላ ጉባኤው ተወያይቶ በጋራ ሊወስንባቸው ይገባል።