አዲስ ሰው በጅቡቲ ከተማ

ሰው ከተወለደበት አገር ወጥቶ በሌላ አገር ኑሮ ሲጀምር ከሁሉ አስቀድመው የሚያስቸግሩት በየዕለቱ የሚገጥሙት ጥቃቅን ነገሮች ናቸው። ሰዓት እንዴት እንደሚቆጠር፣ ውሃ ከየት እንደሚገኝ፣ ገበያው መቼ እንደሚዘጋ፣ ጎረቤት በምን ቋንቋ ሰላም እንደሚባል በአገሩ ሳለ አስቦት አያውቅም። ይህን ለመረዳት ብዙ ኢትዮጵያውያን ሥራ ፍለጋ የሚሄዱባትን የጅቡቲን ከተማ መመልከት ይጠቅማል።

ጅቡቲ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ደቡባዊ ዳርቻ የምትገኝ የወደብ ከተማ ናት። ፈረንሳዮች በ1880 ዓ.ም. ገደማ ቆረቆሯት፤ ያሳደጋት ግን ወደ ኢትዮጵያ የተዘረጋው የምድር ባቡር ነው። የሐዲዱ ሥራ በ1890 ዓ.ም. ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። አገሪቱ ከቅኝ አገዛዝ ነጻ የወጣችው ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. ነው። የነጻነት ቀን መታሰቢያ የሆነው አደባባይም ከዚያ በፊት በዳግማዊ ምኒልክ ስም ይጠራ ስለነበረ፣ እስካሁን ድረስ የከተማው ሰው የምኒልክ አደባባይ ይለዋል። የዛሬው መንገደኛ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት በጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር ከተጓዘ የሚወርደው ከመሐል ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኘው በናጋድ ጣቢያ ነው።

ከጣቢያው እንደወጣ የሚቀበለው ሙቀቱ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የማያንስ ከፍታ ሲኖራት፣ ጅቡቲ ግን ከባሕሩ ጋር እኩል ናት ለማለት ይቻላል። ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት የቀኑ ሙቀት ብዙ ጊዜ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል፤ ካምሲን የሚባለው ነፋስም አቧራ ይዞ ይነፍሳል። ነፋሱ ጋብ ሲል ከባሕሩ የሚነሣው እርጥበት አየሩን ይሞላዋል። ሰውነትን የሚያቀዘቅዘው የላብ መትነን በመሆኑና እርጥበት በበዛበት አየር ላብ ቶሎ ስለማይተን፣ ደገኛው በጥላ ሥር ተቀምጦ እንኳ እንደ ታፈነ ይሰማዋል። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ያለው ጊዜ የተሻለ ስለሆነ በዚያ ወቅት የደረሰ ሰው ዕድለኛ ነው።

ስለዚህ የከተማይቱ ኑሮ የሚካሄደው ፀሐይን እየሸሸ ነው። ሥራ በማለዳ ይጀመራል፤ ቀትር ሲሆን ሱቆች ይዘጋሉ፤ ሰውም ወደየቤቱ ይገባል። በዚያው ሰዓት ገደማ ከሐረርጌ የሚጫነው ጫት ይደርሳል። በየመንገዱ ጠርዝ የተቀመጡት ሴት ነጋዴዎች እስኪሸጡት ድረስ ግርግር ይሆናል፤ ከዚያም ከተማው እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ጸጥ ይላል። እንግዳው ይህን ጸጥታ መጀመሪያ እንደ ስንፍና ይቆጥረዋል፤ በሐምሌ ወር አንድ ቀን በቀትር ፀሐይ በእግሩ ከሄደ በኋላ ግን አስተያየቱን ይለውጣል። ጫቱ ከብዙ ቤተሰቦች ገቢ ላይ የሚወስደውን ድርሻ ለማየትም ብዙ መቆየት አያስፈልገውም።

ከሙቀቱ ይልቅ ጉዳት የሚያስከትለው የጊዜ አቆጣጠር ነው። የሁለቱ አገሮች ፀሐይ የምትወጣውና የምትጠልቀው በተቀራረበ ጊዜ ሲሆን፣ የሰዓት ክልላቸውም አንድ ነው። ይሁን እንጂ ኢትዮጵያዊው ሰዓቱን ከንጋት ጀምሮ ሲቆጥር፣ በጅቡቲ የሚቆጠረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ነው። «ነገ በሰባት ሰዓት ና» የተባለ አዲስ ሠራተኛ በአገሩ ልማድ ከቀትር በኋላ ቢመጣ፣ አሠሪው ግን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ሲጠብቀው ኖሮ ሌላ ሰው ቀጥሮ ያገኘዋል። የዓመቱ ቁጥር ደግሞ ከዚህ የባሰ መዘዝ አለው። በ1990 ዓ.ም. የተወለደ ወጣት በመሥሪያ ቤት ቅጽ ላይ 1990 ብሎ ቢጽፍ፣ በዚያ አገር አቆጣጠር ዕድሜው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይጨመርበታል። እንዲህ ያለው ስሕተት በአንድ ወረቀት ላይ ከሰፈረ በኋላ በፓስፖርቱ ከተጻፈው ጋር ስለማይስማማ ለማረም ብዙ ደጅ ያስጠናል። የሳምንቱም ዕረፍት ዓርብና ቅዳሜ ሲሆን እሑድ የሥራ ቀን ነው፤ ክርስቲያኑ ሠራተኛ ቤተ ክርስቲያን ለመሳም በጠዋት ተነሥቶ ወይም አስፈቅዶ መሄድ ይኖርበታል።

የአገሪቱ የሥራ ቋንቋዎች ፈረንሳይኛና ዐረብኛ ናቸው፤ በየቤቱና በየገበያው የሚነገሩት ግን ሶማሊኛና አፋርኛ ናቸው። በመሆኑም አንድ ውሃ የጠማው ሰው አራት ስም ይሰማል፤ ፈረንሳዩ ኦ፣ ዐረቡ ማእ፣ ሶማሌው ቢዮ፣ አፋሩ ደግሞ ሌ ይለዋል። ከድሬዳዋና ከጅጅጋ የመጣ ሰው ሶማሊኛ የሚያውቅ ከሆነ በአንድ ቀን አገሬው ይመስላል። ከጎጃም ወይም ከወሎ የመጣው ግን ቀድሞት የገባ የአገሩ ሰው እስኪያገኝ ድረስ በእጁ ምልክት ይግባባል። እንዲህ ያለውን ሰው ለማግኘት ከሚቀሉት ስፍራዎች አንዱ ከከተማው 12 ኪሎ ሜትር ላይ የሚገኘው የጭነት መኪናዎች ማቆሚያ ነው። ስሙም ርቀቱን ተከትሎ በፈረንሳይኛ ፔካ ዱዝ ይባላል። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ከተነሣ ወዲህ የኢትዮጵያ የገቢና የወጪ ንግድ በአብዛኛው በጅቡቲ ወደብ ስለሚያልፍ፣ በዚያ አማርኛ የማይሰማበት ሰዓት የለም።

ስለ ውሃ ከተነሣ ስሙን ከማወቅ ይልቅ ማግኘቱ ይከብዳል። በጅቡቲ በዓመት የሚዘንበው ዝናብ 200 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ ስለሌለ ከተማይቱ ለረጅም ዘመን የኖረችው በጉድጓድ ውሃ ነው። ከባሕር አጠገብ ካለ ጉድጓድ ውሃ አብዝቶ ሲሳብ የባሕሩ ውሃ በመሬት ውስጥ ሰርጎ ቦታውን ስለሚይዝ፣ የሚቀዳው ሁሉ እየጨወየ ይሄዳል። አዲሷ እንግዳ ቡና አፍልታ ስትቀምስ ጨው የጨመረችበት የሚመስላት በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ችግር ለማቃለል በኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል ከአዲጋላ የተቆፈረ የጉድጓድ ውሃ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በተዘረጋ ቧንቧ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ እንዲመጣ ተደርጓል፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የባሕር ውሃ የሚያጣራ ፋብሪካ በዶራሌ ተመርቋል። የኤሌክትሪክ ኃይልም ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ከኢትዮጵያ ይሄዳል። ሆኖም ቧንቧ ባልገባላቸው ሰፈሮች ዛሬም ውሃ በጀሪካን ይገዛል።

ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤት የሚከራዩት ኪራይ በሚቀልባት በባልባላ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ፈረንሳዮች ወደ ከተማው የሚገባውን ሰው ለመቆጣጠር ዙሪያውን በሽቦ አጥረውት ነበር፤ ባልባላም ከዚያ አጥር ውጭ የቀሩት ሰዎች የሠፈሩባት መንደር ናት። አጥሩ ከነጻነት በኋላ ቢነሣም ሰፈሯ እየሰፋች ሄዳለች።

በወጥ ቤት ደግሞ ሌላ ትምህርት አለ። በአገር ቤት ሁለትና ሦስት ቀን የሚፈጀው የእንጀራ ሊጥ በዚያ ሙቀት ቶሎ ስለሚቦካ፣ ባለሙያዋ የለመደችውን ቀን ብትጠብቅ ኮምጥጦ ታገኘዋለች። ባቄላና ሽምብራ ግን ይበልጥ በፍጥነት ይበስላሉ፤ ምክንያቱም ውሃ በደጋ በ92 ዲግሪ ገደማ ሲፈላ በባሕር ዳር የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው። ጤፍ ውድ ሲሆንባት ላሆህ የሚባለውን፣ እንጀራ የሚመስለውን የአገሬውን ቂጣ ትለምዳለች። ገንዘቡን መልመድ ቀላል ነው፤ የጅቡቲ ፍራንክ ከ1941 ዓ.ም. ጀምሮ ከአሜሪካ ዶላር ጋር የተሳሰረ ነው፤ ዛሬም አንድ ዶላር 177 ፍራንክ ከ72 ሳንቲም ያህል ነው።

ይህን ሁሉ በወራት ውስጥ መልመድ ይቻላል። የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ሰው ግን ዓመታት ቢቆይም አዲስ እንደሆነ ይኖራል። ደመወዙ ቢቀርበት ለመክሰስ አይደፍርም፤ ፖሊስ ባየ ቁጥር መንገድ ይቀይራል፤ አፈሳ በመጣ ጊዜም ወደ ድንበር ሊመለስ ይችላል። ተስፋ የቆረጠው ወይም ከመነሻው ዓረብ አገርን ያለመው ደግሞ በረሃውን በእግር አቋርጦ ወደ ኦቦክ ያመራል። ከዚያ በጀልባ ወደ የመን የሚደረገው ጉዞ ስንቶችን እንዳስቀረ የባሕሩ ዳርቻ መቃብሮች ይመሰክራሉ። ጥር 21 ቀን 2011 ዓ.ም. ከኦቦክ በስተሰሜን ጎዶሪያ ከሚባለው ስፍራ የተነሡ ሁለት ጀልባዎች ከባሕሩ ጠረፍ ብዙም ሳይርቁ ተገልብጠው ከ50 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ከዚያ ወዲህም በዚያው የባሕር መንገድ የሰጠሙ ጀልባዎች ጥቂት አይደሉም። ከየመን ተርፈው የሚመለሱትም የሚደርሱት በዚያው በኦቦክ ዳርቻ ነው፤ ዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት በከፈተው መጠለያ ቆይተው ወደ አገራቸው የሚወስዳቸውን መጓጓዣ ይጠብቃሉ።