ልብስ አልለብስም የሚል ልጅ፡- ቅብጠት ወይስ ሕመም?

ጠዋት ለትምህርት ቤት ሲዘጋጅ «ካልሲው ወጋኝ» እያለ የሚያለቅስ፣ ሹራብ ሲያለብሱት አንገቱን እየጎተተ የሚንፈራገጥ፣ ለዓመት በዓል የተገዛለትን ልብስ ገና በሩን ሳይወጣ አውልቆ የሚጥል ልጅ በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ አለ? እንዲህ ያለው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ስም ቅብጥ፣ ግትር ወይም ሞልቃቃ የሚል ነው። እናቱም «አንቺ ነሽ ያበላሸሽው» ተብላ ትወቀሳለች። ቁጣና ቁንጥጫ ይከተላል። ልጁ ግን በማግሥቱም ያንኑ ይደግማል።

ውድ አንባብያን፣ ከእነዚህ ልጆች መካከል ቀላል የማይባሉት አመላቸው ከፍቶ ሳይሆን ልብሱ በእርግጥ እያሳመማቸው ነው። መፍትሔውም በአብዛኛው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። መቀስ፣ መርፌና ክር፣ አንድ ልብስ ሰፊ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የወላጅ ትዕግሥት ይበቃሉ። በዛሬው ጽሑፌ ይህን ላስረዳችሁ እሞክራለሁ።

ምክንያቱ ምንድን ነው?

ቆዳችን ንክኪን፣ ግፊትን፣ ሙቀትንና ሕመምን ለአእምሮ የሚያደርሱ እጅግ ብዙ የነርቭ ጫፎች አሉት። ልብስ ስንለብስ እነዚህ ነርቮች ወዲያውኑ መልእክት ይልካሉ። አእምሯችን መልእክቱ አደጋ እንደሌለው ከተረዳ በኋላ ግን ቸል ይለዋል። ይህን እስክታነቡ ድረስ ቀበቷችሁ ወይም የእጅ ሰዓታችሁ ትዝ ያላላችሁ በዚህ ምክንያት ነው።

አንዳንድ ልጆች ላይ ይህ የማጣራት ሥራ በሚገባ አይከናወንም። የሸሚዙ ስፌት፣ ከአንገት በስተኋላ ያለው ሌብል፣ የካልሲው ጫፍ ቀኑን ሙሉ እንደ አዲስ ይሰማቸዋል። አሜሪካዊቷ የኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያ ጂን ኤይረስ እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመችው መጽሐፍ ስለዚህ ጉዳይ በስፋት ከጻፈች ወዲህ ባለሙያዎች ለችግሩ ትኩረት ሰጥተዋል። ከኦቲዝም ጋር የምትኖረው የእንስሳት ሳይንስ ፕሮፌሰር ቴምፕል ግራንዲንም በልጅነቷ ሻካራ የውስጥ ቀሚስ ሲያለብሷት ቆዳዋ በብርጭቆ ወረቀት የሚፋቅ ያህል ይሰማት እንደነበር ጽፋለች።

የስሜት ሕዋሳት ከመጠን ያለፈ ንቁነት በኦቲዝም ውስጥ በብዛት ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መመሪያም ከኦቲዝም መለያዎች አንዱ አድርጎ መዝግቦታል። ይሁን እንጂ ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር ባለባቸው፣ ጭንቀት በሚያጠቃቸው፣ አልፎ ተርፎም ሌላ ምንም ችግር በሌለባቸው ልጆች ላይም ይታያል። ስለዚህ ልጃችሁ ሹራብ ስለጠላ ብቻ ኦቲዝም አለበት ብላችሁ አትደንግጡ።

መጀመሪያ ቆዳውን እዩ

ልብስ ከመቀየራችሁ በፊት ልጁን ብርሃን ባለበት ቦታ አውልቃችሁ ቆዳውን በሚገባ ተመልከቱ። ማታ ማታ የሚብስ፣ በጣቶች መካከል፣ በእጅ አንጓና በወገብ አካባቢ የሚወጣ የሚያሳክክ ሽፍታ እከክ ሊሆን ይችላል። በተለይ ሌላም የቤተሰብ አባል የሚያሳክከው ከሆነ መጠርጠር ይገባል። በክርንና በጉልበት መታጠፊያ ላይ የሚታይ የደረቀና የቀላ ቆዳ ችፌ ሊሆን ይችላል። ክብ ሆኖ ጠርዙ ከፍ ያለ ምልክት ደግሞ ጭርትን ያመለክታል። እምብርት አካባቢ ብቻ የሚወጣ ሽፍታ ከጂንስ ሱሪ የብረት ቁልፍ የሚመጣ አለርጂ ሊሆን ይችላል። እነዚህ ሁሉ ሕክምና አላቸው፤ ልብስ በመቀየር ብቻ ግን አይድኑም።

ቆዳው ንጹሕ ሆኖ ልጁ ግን የተወሰነ ጨርቅ ወይም ስፌት ሲነካው ብቻ የሚረበሽ ከሆነ ወደሚከተሉት መፍትሔዎች እንሂድ።

ምን ዓይነት ጨርቅ እንምረጥ?

ለአብዛኞቹ ልጆች የሚስማማው ለስላሳ ጥጥ ነው። ጥጥ አየር ያሳልፋል፣ ላብም ይመጥጣል። ሻካራ ሱፍ ግን ወፍራም የክሮቹ ጫፎች ቆዳን ስለሚወጉ ብዙ ልጆችን ያስቸግራል። ፖሊስተር ደግሞ ሙቀትና ላብ አፍኖ ይይዛል።

ገበያ ላይ «ንጹሕ ጥጥ ነው» የተባላችሁትን ጨርቅ ለማረጋገጥ ቀላል ዘዴ አለ። ከጠርዙ ጥቂት ክር መዝዛችሁ ከልጆችና ከሚቀጣጠል ነገር ርቃችሁ በክብሪት አቃጥሉት። ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ በጣት የሚፈረፈር አመድ ይሆናል። ፖሊስተር ግን ቀልጦ ይሰበሰብና ጠጣር እንክብል ይሆናል።

ርካሹ ለስላሳ ልብስ ደግሞ ብዙ ጊዜ የታጠበ ልብስ ነው። ከታላቅ ወንድም፣ ከእህት ወይም ከዘመድ ልጅ የተረፈ ካናቴራ ከአዲሱ ይልቅ የሚመቸው ለዚህ ነው። ሰልባጅ የምትገዙ ከሆነም ልብሱን በሙቅ ውሃ አጥባችሁ፣ ፀሐይ ላይ አድርቃችሁና ተኩሳችሁ ብቻ አልብሱት።

ልጁ የሚመቸውን ልብስ ስታገኙ አቅማችሁ በፈቀደ መጠን ተመሳሳዩን ሁለት ሦስት አድርጋችሁ ግዙ። አንዱን በቁጥር ከፍ ያለ ብታደርጉት ልጁ ሲያድግ እንደ አዲስ ከመጀመር ትድናላችሁ።

ያለውን ልብስ ማስተካከል

አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት ያለውን ልብስ ገልብጣችሁ በውስጥ በኩል በእጃችሁ ዳብሱት። ልጁን የሚያስቸግረው ነገር አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ይገኛል።

አንደኛ፣ ሌብሉን አንሱ። በመቀስ ብቻ መቁረጥ አይበቃም፤ የሚቀረው ጫፍ ከበፊቱ የባሰ ይወጋል። ስፌቱን ክር በክር ተርትራችሁ ከሥሩ አውጡት።

ሁለተኛ፣ ካልሲና የውስጥ ሱሪ ገልብጣችሁ አልብሱ። የካልሲው የጣት ስፌት ወደ ውጭ ሲሆን ጫማ ውስጥ ጣትን መፋቁ ይቀንሳል። ካናቴራም ከላይ ሌላ ልብስ የሚደረብበት ከሆነ ቢገለበጥ ማንም አያየውም።

ሦስተኛ፣ የሚያጠብቅ ላስቲክ በወገብ ላይ ምልክት የሚተው ከሆነ ልብስ ሰፊው በሰፊና ልል ላስቲክ ወይም በማሰሪያ ይቀይርላችሁ።

አራተኛ፣ ሻካራውን ቦታ ሸፍኑ። ከአሮጌ ካናቴራ የተቆረጠ ቁራጭ በአንገትጌው፣ በዚፑ ወይም በቁልፉ ጀርባ ቢሰፋበት ትልቅ ለውጥ ያመጣል። በሚሰፋበት ጊዜ የጥጥ ክር ተጠቀሙ። የናይለን ክር ጫፉ ሲቆረጥ እንደ እሾኽ ስለሚቆም ይወጋል።

አጠባውም ለውጥ አለው

በልብስ ላይ የቀረ ሳሙና ጨርቁን ያደርቃል፤ ቆዳንም ያሳክካል። ስለዚህ የዱቄት ሳሙናውን ቀንሳችሁ ልብሱን ሁለት ሦስት ጊዜ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁት። በመጨረሻው ማለቅለቂያ ውሃ ላይ ግማሽ የቡና ስኒ አቼቶ ብትጨምሩበት ልብሱ ይለሰልሳል፤ ሽታውም ሲደርቅ ይጠፋል። ነገር ግን አቼቶን ከበረኪና ጋር በፍጹም አታደባልቁ፤ ሳንባን የሚጎዳ መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል። ሽታ የሚረብሻቸው ልጆችም ስላሉ ሽቶ የበዛበትን ሳሙና ተዉት። ፀሐይ ላይ ደርቆ የተገተረውን ልብስ ደግሞ ከማልበሳችሁ በፊት አራግፋችሁና በእጃችሁ አሽታችሁ አለስልሱት።

ዩኒፎርምና የበዓል ልብስ

የብዙ ቤተሰብ ጭንቀት እዚህ ላይ ነው። በሥራዬ ከማገኛቸው ወላጆች መካከል ልጃቸው በዩኒፎርም ምክንያት ከትምህርት እስከ መቅረት የደረሰባቸው አሉ። ይህ በቀላሉ የሚታይ ነገር አይደለም። ልጁ ቢሄድም እንኳ ሙሉ ሐሳቡ አንገቱ ላይ ስለሚሆን መምህሩ የሚሉት አይገባውም።

የመጀመሪያው መፍትሔ ከዩኒፎርሙ ሥር ለስላሳ፣ እጅጌው ረዘም ያለና ከገላ ጋር የሚጠጋ የጥጥ ካናቴራ ማልበስ ነው። ሁለተኛው፣ ከትምህርት ቤቱ ጋር ተነጋግሮ ቀለሙ ተመሳሳይ የሆነ የጥጥ ጨርቅ በልብስ ሰፊ ማሰፋት ነው። ሹራቡ የሚወጋው ልጅ በተመሳሳይ ቀለም ጃኬት እንዲለብስ መጠየቅም ይቻላል። ርዕሰ መምህሩን ስታነጋግሩ የሐኪም ማስረጃ ብትይዙ ጥሩ ነው። መምህራንም ይህ የሥነ ምግባር ጉድለት ሳይሆን የጤና ጉዳይ መሆኑን እንድትረዱ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የሐበሻ ልብስን በተመለከተ ሸማው ራሱ ጥጥ ስለሆነ ብዙም አያስቸግርም። የሚወጋው የጥለቱና የጥልፉ ጀርባ ነው፤ በተለይም የሚያብረቀርቅ ክር ያለበት። ስታሰፉ በጥልፉ ሥር ስስ የጥጥ ገበር እንዲገባበት እዘዙ። ለበዓል የተገዛውን ልብስ ቀድማችሁ እጠቡት፤ ከዕለቱም በፊት ልጁ ቤት ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ይልመደው። አክስትና አጎት «አዲሱን ካልለበሰ» ብለው ቢያስቸግሩም ልጁ በለመደው ልብስ ተደስቶ ቢውል ከማልቀሱ አይሻልም?

ማለማመድ እንጂ ማስገደድ አይጠቅምም

ማታ ነገ የሚለበሰውን ልብስ ከልጁ ጋር ሆናችሁ አዘጋጁ። ከሁለት አንዱን ራሱ ይምረጥ። አዲስ ልብስ ስትሞክሩ መጀመሪያ በእጁ ይንካው፤ ከዚያ ለአምስት ደቂቃ፣ በሚቀጥለው ቀን ለአሥር ደቂቃ ይልበሰው። አንዳንድ ልጆች ከመልበሳቸው በፊት ክንዳቸውና እግራቸው ጠበቅ ተደርጎ ሲታሽ ይረጋጋሉ። ልጁ ካልወደደው ግን ተዉት። መናገር የማይችል ልጅ በለቅሶ፣ በመንከስ ወይም ልብስ በማውለቅ እየነገራችሁ መሆኑን አትርሱ። መምታት ሕመሙን አያስቀርም፤ ጩኸቱ ቢቆም እንኳ ልጁ ሕመሙን ደብቆ መሸከም ተማረ ማለት ነው።

በተቃራኒው ብርድ የማይሰማቸው ልጆችም አሉ። በሐምሌ ዝናብ በካናቴራ ብቻ መውጣት ይፈልጋሉ። እነዚህን «በረደህ?» ብሎ መጠየቅ ስለማይበቃ ደረትና ጀርባቸውን ዳብሳችሁ ራሳችሁ ወስኑ። ከአንድ ወፍራም ሹራብ ይልቅ ሁለት ሦስት ስስ የጥጥ ልብሶችን መደራረብ ይሻላል።

ለእነዚህ ልጆች ተብለው ከውጭ የሚመጡ፣ ክብደት የሚጨመርባቸው ሰደርያዎችና ብርድ ልብሶች አሉ። ዋጋቸው ውድ ነው። ክብደት ያላቸው ሰደርያዎች ጠቀሜታ ግን በጥናት በአስተማማኝ ሁኔታ አልተረጋገጠም። ለጨቅላ ሕፃናት ክብደት ያለው ብርድ ልብስ ማልበስ ደግሞ ትንፋሽ ሊያሳጥር ስለሚችል አደገኛ ነው። ተበድራችሁ እንድትገዙ አልመክርም።

መቼ ወደ ባለሙያ እንሂድ?

ልጁ ከልብስ በተጨማሪ ድምፅ፣ ብርሃን ወይም የምግብ ልስላሴና ሻካራነት እጅግ የሚረብሸው ከሆነ፣ ከእንቅልፍ፣ ከምግብ ወይም ከትምህርት ካገደው ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። በተለይ አንድ ዓመት ሞልቶት ስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ በ18 ወሩ በጣቱ እያመለከተ የማያሳይ፣ ሁለት ዓመት ሞልቶት ሁለት ቃል አገናኝቶ የማይናገር ከሆነ አትዘግዩ። በማንኛውም ዕድሜ ይናገር የነበረውን ያቋረጠ ልጅም ፈጥኖ መታየት አለበት።

በመጀመሪያ በአቅራቢያችሁ ባለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል አሳዩት፤ አስፈላጊ ከሆነ ወደ ሕፃናት ሐኪም ወይም ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል ይላካል። በአዲስ አበባ በወይዘሮ ዘሚ የኑስ የተመሠረተው ጆይ የኦቲዝም ማዕከልና ነህምያ የኦቲዝም ማዕከል ከኦቲዝም ጋር በሚኖሩ ልጆች ላይ የሚሠሩ ናቸው። ስትሄዱ ልጁ የሚጠላቸውንና የሚስማሙትን ልብሶች በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ፤ ለሐኪሙ ትልቅ መረጃ ነው።

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ልጅ ግን ሕመሙን የሚደብቀው ሲነግረን ስላላመንነው ነው። እናም ዛሬ ማታ የልጃችሁን ካልሲና ካናቴራ ገልብጣችሁ ስፌቱን በጣታችሁ ዳብሱት። ነገ ጠዋት «ወጋኝ» ሲላችሁ የቱ ጋ እንደሆነ ጠይቁት።